የዩኒቨርሲቲ መምህራን በጋራ አስተዳደር ያላቸው ድርሻ፤ ከትምህርት ክፍል ጉባኤ እስከ ሴኔት የተደረገ የአገልግሎት ግምገማ

በአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምር ሰው ከደመወዙና ከቢሮው ሌላ በሕግ የተረጋገጠለት አንድ አገልግሎት አለ፤ እርሱም በተቋሙ አስተዳደር የመሳተፍ፣ የመምረጥ፣ የመመረጥና ሐሳቡን በቃለ ጉባኤ የማስመዝገብ መብት ነው። ስለ ምግብ ቤቶች፣ ስለ ባንኮችና ስለ አውቶቡስ ድርጅቶች በየቀኑ ግምገማ ሲጻፍ፣ ስለዚህኛው አገልግሎት ግን በሻይ ሰዓት ከሚወራው አልፎ ተገልጋዩ በጽሑፍ ያስቀመጠው አስተያየት ብዙ አይገኝም። እኔ በአንድ የክልል ከተማ በሚገኝ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ የማስተምር፣ በትምህርት ክፍል ጉባኤ በአባልነት፣ በኮሌጁ አካዳሚክ ኮሚሽን በተወካይነት፣ ቀጥሎም በሴኔት በመምህራን ወኪልነት የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም፤ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምሩ ባልደረቦቼ የሚነግሩኝም ከእኔው ጋር እየተመሳሰለብኝ፣ የማነሣው ጉዳይ የአንድ ግቢ ብቻ እንዳልሆነ ተረድቻለሁ።

አስቀድሞ ሕጉ ምን ቃል እንደ ገባ ማየት ይገባል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650/2001ም ሆነ እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የዩኒቨርሲቲውን አስተዳደር ከሥራ አመራር ቦርድ ጀምረው በፕሬዚዳንቱ፣ በሴኔቱና በኮሌጆች ጉባኤ በኩል እስከ ትምህርት ክፍሉ መምህራን ጉባኤ ድረስ በየደረጃው ያወርዱታል። ሴኔቱ በትምህርት ጉዳይ የሚወስን አካል ሲሆን ሰብሳቢው ፕሬዚዳንቱ ነው፤ የትምህርት ፕሮግራም ሲከፈትና ሲዘጋ ያጸድቃል፣ ተመራቂዎችን መርምሮ ያሳልፋል፣ እስከ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት ያለውን ማዕረግ ይሰጣል፣ የሙሉ ፕሮፌሰርነቱን ደግሞ አይቶ ለቦርዱ ያቀርባል። በቦርዱ ውስጥ ግን የመምህሩ ቦታ ጠባብ ነው፤ ሰብሳቢውንና አብዛኞቹን አባላት በቀጥታ የሚሰይመው የትምህርት ሚኒስቴር ሲሆን ፕሬዚዳንቱም የሚገኘው ድምፅ በሌለው ጸሐፊነት ነው።

መለኪያ ካስፈለገ፣ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች ማኅበር ከአሜሪካ የትምህርት ምክር ቤትና ከቦርዶች ማኅበር ጋር ተመካክሮ በ1966 እ.ኤ.አ. ያወጣው መግለጫ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በመግለጫው መሠረት ሥርዓተ ትምህርት፣ የማስተማሪያ ዘዴ፣ ምርምር፣ የመምህራን ቅጥርና የማዕረግ ዕድገት እንዲሁም ከትምህርቱ ጋር የተያያዘው የተማሪ ሕይወት በቀዳሚነት የመምህራን ኃላፊነት ነው፤ ቦርድ ወይም ፕሬዚዳንት በእነዚህ ጉዳዮች የመምህራንን ውሳኔ ሊሽር የሚችለው ከስንት አንዴ፣ ያውም ምክንያቱን ለመምህራኑ ገልጾ ነው። የእኛም አዋጅ ከዚህ መንፈስ ብዙ የራቀ አይመስለኝም። ስለዚህ በዚህ ግምገማ የምጠይቀው በጣም ቀላል ነገር ነው፤ በእያንዳንዱ ደረጃ መምህሩ በሚያውቀው ጉዳይ ላይ ያለው ቃል ውሳኔውን ይለውጣል ወይስ አይለውጥም?

ከታች ስንጀምር የትምህርት ክፍል ጉባኤ የዚህ አገልግሎት ምርጡ ክፍል ነው። ከአምስት አራት ተኩል እሰጠዋለሁ። ስብሰባው የሚካሄደው በአንዲት የመማሪያ ክፍል ነው፤ ወንበሩ የተማሪ ነው፤ አጀንዳው የሚለጠፈው አንዳንዴ በሰሌዳ ላይ በእጅ ጽሑፍ ነው። ይሁን እንጂ የሚነገረው ሁሉ ከሥራው የወጣ ነው። ሥርዓተ ትምህርቱን በከለስንበት ጊዜ ስለ ጂኦግራፊያዊ መረጃ ሥርዓት (በኮምፒውተር ካርታ ስለ መሥራት) ኮርስ የተነሣው ክርክር እስካሁን ትዝ ይለኛል። ግማሹ የተግባር ሰዓቱ ወደ ሁለት ይውረድና ለንድፈ ሐሳቡ ቦታ ይለቀቅ አለ፤ ሌላው ሦስቱ ሰዓት ራሱ አይበቃም አለ። የትልልቆቹ ሰዎች ክርክር ካለቀ በኋላ እጁን ያወጣው የላብራቶሪው ረዳት ነበር። መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ኮምፒውተሮቹ ተነሥተው ሶፍትዌሩ እስኪከፈት ሩብ ሰዓት እንደሚፈጅ፣ የሚሠሩት ማሽኖችም የክፍሉን ተማሪ ግማሽ እንኳ እንደማይዙ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ተማሪው ካርታውን ጀምሮ ሳይጨርስ እንደሚወጣ ነገረን። ሦስቱ ሰዓት ጸደቀ፤ ተማሪዎቹም በሁለት ምድብ እንዲገቡ ተወሰነ፤ የሎዱ፣ ማለት የየመምህሩ የማስተማሪያ ሰዓት፣ አደላደል በዚያው ዕለት ተስተካከለ። ማንም ከላይ አልጠየቀንም፤ ማንም ከላይ ሆኖ ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር።

የማዕረግ ዕድገት ጥያቄ ሲቀርብም እንዲሁ ነው። አመልካቹ ከክፍሉ ይወጣል፤ የኅትመት ሥራዎቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ በጋራ የተጻፈው ጽሑፍ ላይ የእርሱ ድርሻ ስንት እንደ ሆነ ይሰላል፤ የተማሪ ምዘናውና የማኅበረሰብ አገልግሎቱ ይታያል። አንድ ጊዜ አንዲት ወጣት ባልደረባችን ከአመልካቹ ጽሑፎች አንዱ የወጣበትን ጆርናል በስልኳ ከፍታ፣ ክፍያ ለፈጸመ ሁሉ በሳምንት ውስጥ አትማለሁ የሚል ማስታወቂያ የለጠፈ መሆኑን አሳየችን። አመልካቹ ከእርሷ በዕድሜም በማዕረግም የሚበልጥ፣ ብዙዎቻችንን ያስተማረ ሰው ስለ ነበር ለጥቂት ጊዜ ዝምታ ሆነ። በመጨረሻ ጉባኤው ያ ጽሑፍ ሳይቆጠር ሌላ እንዲያሟላ ወሰነ። ሰውየው ለጊዜው አኩርፎ ነበር፤ ሌላ ጽሑፍ ይዞ ሲመለስ ግን ያቺው ልጅ ናት አስቀድማ የደገፈችው። በእኔ አመለካከት የመምህራን ራስን በራስ ማስተዳደር ማለት በተግባር ይህን ይመስላል፤ የሙያውን ሚዛን የሚያውቁት ይመዝናሉ፣ ውሳኔያቸውንም ፊት ለፊት ይናገራሉ።

ግማሿን ነጥብ የቀነስኩት በይሉኝታ ምክንያት ነው። የጆርናሉ ታሪክ በደግ የሚነሣ እንጂ ሁልጊዜ የሚሆን አይደለም። የትምህርት ዕድልና የሥልጠና ኮታ ሲመጣ፣ የክረምትና የማታ መርሐ ግብር ኮርስ ሲደለደል፣ ጉባኤው መስፈርቱን ትቶ ተራ ወደ መስጠት ያዘነብላል። «ባለፈው እሱ ወስዷል፣ ዘንድሮ ለእሷ ይሁን» የሚለው አነጋገር ሰላም ያወርዳል፤ ከመስፈርቱ ጋር ግን አይስማማም።

በኮሌጅ ደረጃ ስላለው አካዳሚክ ኮሚሽን ብዙ የምለው የለኝም። ዲኑ ይሰበስባል፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎችና ጥቂት ተወካዮች ይቀመጣሉ፤ ከየትምህርት ክፍሉ የመጣው ጉዳይ ተጣርቶ ወደ ላይ ያልፋል ወይም ለማሟያ ወደ ታች ይመለሳል። ጠቃሚ ማጣሪያ ነው፤ አንዱ ክፍል የሌላውን ኮርስ ሲደግም የሚያዘው እዚህ ነው። የጎደለው ነገር ቢኖር የኃላፊዎቹ አቋም ነው። በትምህርት ክፍሉ ባልደረቦች ድምፅ የመጣ ኃላፊ እንደ ተወካይ ይናገራል፤ በደብዳቤ ብቻ የተሾመ ኃላፊ ደግሞ የሾመውን ዲን ፊት እያየ ይናገራል። ሁለቱንም ዓይነት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አይቻለሁ። ልዩነቱን ለማወቅ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ይበቃሉ። ሦስት ተኩል።

ወደ ሴኔቱ ስንደርስ አዳራሹ ያምራል። ጠረጴዛው በቅርጽ የተደረደረ ነው፤ በየፊቱ የታሸገ ውኃ አለ፤ ማይክሮፎኑም ይሠራል። ምክትል ፕሬዚዳንቶች፣ ዲኖች፣ ዳይሬክተሮች፣ ሬጅስትራሩ፣ የተማሪዎች ተወካይና ጥቂት የመምህራን ወኪሎች ይገኛሉ። የመምህራን ወኪል ተብለን የተቀመጥነውን ከቈጠርን ከጠቅላላው ትንሹ ክፍል ነን፤ ዲኖቹም መምህራን ናቸው ሊባል ይችላል፣ ነገር ግን በዚያ አዳራሽ የተገኙት በሹመታቸው ነው፤ ሹመቱን የሰጣቸው ሰው ደግሞ ስብሰባውን ይመራል።

ወንበር ማነሱን እንደ ዋናው ችግር አልቈጥረውም። በልምድ ያየሁት የመምህሩን ድርሻ የሚወስኑት ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ነው፤ አጀንዳውን ማን ይይዛል፣ ሰነዱስ መቼ ይደርሳል። ለምሳሌ የተሻሻለው የውስጥ ደንብ ለሴኔቱ ሲቀርብ ጥራዙ በቴሌግራም የደረሰን ከስብሰባው በፊት በነበረው ምሽት ነው። ገጹ ከመቶ በላይ ነበር። ግማሹን ያነበብኩት እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ ስለ መምህራን ዲሲፕሊን በሚናገረው ክፍል ውስጥ ይግባኝ የሚታየው ቅጣቱን በወሰነው በዚያው አካል መሆኑን ያየሁት በዚያን ሰዓት ነው። በማግስቱ ጠዋት አቅራቢው በስላይድ ዋና ዋና ነጥቦችን እያነበበ እስከ ሻይ ሰዓት ቆየ። ከሻይ መልስ እጄን አውጥቼ የይግባኙን አንቀጽ አነሣሁ፤ ሌላ ወኪልም ደገፈኝ። ሰብሳቢው በትሕትና አዳመጡንና፣ ሐሳቡ ጠቃሚ መሆኑን፣ ጊዜው ግን እየሄደ ስለ ሆነ ሰነዱ በመርህ ደረጃ እንዲጸድቅ፣ ማሻሻያ ያለውም በጽሑፍ እንዲያስገባ ተናገሩ። አስገባን። በሚቀጥለው ስብሰባ የቀረበልን ቃለ ጉባኤ ግን «ጉባኤው በሰነዱ ላይ በስፋት ተወያይቶ በሙሉ ድምፅ አጽድቆታል» ይላል፤ ስለ ይግባኙ አንቀጽ አንድም ቃል የለም። ቃለ ጉባኤው እንዲታረም ጠየቅን፤ «የተነሡ ሐሳቦች ተመዝግበዋል» የምትል ዓረፍተ ነገር ተጨመረች። አንቀጹ እንዳለ ሥራ ላይ ዋለ።

ይህን የማወሳው ሰብሳቢውን ለመውቀስ አይደለም። እርሳቸውም ሰነዱን ለበላይ አካል የሚያቀርቡበት ቀነ ገደብ ነበረባቸው፤ ቀነ ገደቡን ያወጣው ደግሞ በአዳራሹ ውስጥ የለም። «አቅጣጫ ተሰጥቷል» የሚለው ቃል በሴኔት ስብሰባ ላይ ከተሰማ ክርክሩ አለቀ ማለት ነው፤ አቅጣጫውን የሰጠው ማን እንደ ሆነ፣ በየትኛው ደብዳቤ፣ በየትኛው ሥልጣን እንደ ሆነ መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቈጠራል። በሌላ በኩል ሴኔቱ በሚገባ የሚሠራበት ጊዜም አለ። የተመራቂዎች ዝርዝር ሲቀርብ ሬጅስትራሩ እያንዳንዱን አጠራጣሪ ጉዳይ ያብራራል፣ አባላቱም ይጠይቃሉ፤ በሁለተኛ ዲግሪ አዲስ ፕሮግራም ሲቀርብ የመምህር ኃይሉ፣ ቤተ መጻሕፍቱና ላብራቶሪው ይመረመራል፣ አንዳንዱም ውድቅ ተደርጎ ይመለሳል። ጉዳዩ ከታች ተነሥቶ በማስረጃ ተጠናክሮ የመጣ ሲሆን ሴኔቱ ሴኔት ይሆናል፤ ከላይ የመጣ ሲሆን ግን ማኅተም ያዥ ይሆናል። ሁለት ከአምስት፤ ሁለቱንም ያገኘው በመጀመሪያው ዓይነት ሥራው ነው።

ታላላቆቹ የትምህርት ውሳኔዎች ደግሞ ጭራሽ በሴኔት በኩል አላለፉም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመጀመሪያ ዲግሪ ከአራት ወደ ሦስት ዓመት ሲወርድ፣ የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ወደ መሰናዶ ሲዛወር፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ 70 በመቶው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይመደብ ሲባል፣ ቀጥሎ ተቀራራቢ ኮርሶች ሞጁል በሚባል ጥቅል ሲታጨቁ፣ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ተመልሶ ዲግሪው አራት ዓመት ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ያደረጉት የተወሰነውን በየግቢያቸው ማስፈጸም ነበር። አንዱን ዓመት ያነሣውም የመለሰውም ያው መንግሥት ነው፤ በመካከሉ የተማረው ትውልድ ምን እንደ ጎደለው በየክፍሉ ያየው መምህር ግን ሲነሣም ሲመለስም በቅድሚያ አልተጠየቀም። የመውጫ ፈተናውን ብንወስድ፣ በሕግ ትምህርት ቀደም ብሎ የነበረው ፈተና በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለሁሉም የትምህርት ዘርፎች ሆኖ ሲሰጥ፣ የሚለኩትን ብቃቶች ለመለየትና ጥያቄ ለማዘጋጀት መምህራን ተጠርተዋል፤ ይህ መልካም ነው። ፈተናው ይኑር አይኑር፣ ያላለፈ ተማሪ ምን ይሁን፣ የተቋሙ ምዘናስ ዋጋው ምን ያህል ይሁን የሚለው ግን ለጉባኤ አልቀረበም። እኔ በግሌ ፈተናውን እደግፋለሁ፤ ብጠየቅም ድጋፌን እሰጥ ነበር። አለመጠየቄ ያስከተለው ነገር ቢኖር፣ ውጤቱ ዝቅ ብሎ ሲመጣ ብዙ መምህር «የእኛ ጉዳይ አይደለም» ለማለት መቻሉ ነው።

የዚህ አሠራር ሥሩ ዛሬ የተተከለ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተከፍቶ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን የመምህራን ጉባኤው በትምህርት ጉዳይ ክብደት ያለው ቃል ነበረው፤ ምንም እንኳ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ቻንስለር፣ ማለት የዩኒቨርሲቲው የበላይ ኃላፊ፣ ቢሆኑም። በ1969 ዓ.ም. ደርግ የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽንን አቋቁሞ ተቋማቱን በአንድ ማዕከል ሥር አደረጋቸው። በ1985 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን በአንድ ጊዜ ከሥራ ተሰናበቱ፤ ከእነርሱም መካከል የቀዶ ሕክምናው ሊቅ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ገና ያልተወለዱ መምህራን ዛሬ በሴኔት ተቀምጠው አንድ ነገር ሊናገሩ ሲሉ አጠገባቸው ያለው ሰው ክርናቸውን ነካ ሲያደርጋቸው አይቻለሁ። ታሪኩን በዝርዝር አያውቁት ይሆናል፤ ጥንቃቄውን ግን ወርሰውታል።

የተገልጋዩንም ጥፋት መናገር ያስፈልጋል፤ ግምገማ አንድ ወገን ብቻ ከተናገረ ዋጋ የለውም። ብዙዎቻችን ሰነድ አናነብም። ምልዓተ ጉባኤ ሳይሟላ የተበተነ የትምህርት ክፍል ስብሰባ ቈጥሬ አልጨርስም፤ የመምህራን ወኪል ምርጫ ሲጠራም ብዙ ጊዜ የሚመረጠው በዕለቱ ያልተገኘ ሰው ነው። በሌላ ጊዜ ደግሞ ምርጫው የሙያ ብቃት ቀርቶ የአገር ልጅነት መቍጠሪያ ይሆናል። ያው መምህር በሰፈሩ እድር ግን የተለየ ሰው ነው፤ ሒሳብ ሳይሰማ አይለቅም፣ የድንኳን ኪራይ ለምን ጨመረ ብሎ ይሞግታል፣ ዳኛው ደንብ ከጣሰ እንዲወርድ ይጠይቃል። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል፤ በእድሩ የተናገረው ነገር በሚቀጥለው ወር ተፈጽሞ ያየዋል።

ዋጋውን በተመለከተ፣ አገልግሎቱ በገንዘብ ነጻ ነው፤ በጊዜ ግን ውድ ነው። የመምህር ደመወዝ ከኑሮ ውድነቱ ጋር ሳይመጣጠን ስለ ቀረ ከመደበኛው ክፍል ሌላ በማታ፣ በቅዳሜና እሑድ፣ በክረምትም ማስተማር ለብዙው ግዴታ ሆኗል፤ በዚህ ላይ የሴኔት ሰነድ ማንበብ ትርፍ ሥራ ነው፣ ለትርፍ ሥራውም ክፍያ የለውም፣ በሎድም አይያዝም። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ አንሥተው ሥራ ለማቆም ሲነሡ፣ ጥያቄው የተንቀሳቀሰው በማኅበርና በማኅበራዊ ሚዲያ እንጂ በየሴኔቱ አልነበረም። ይህ የሚያስገርም አይደለም፤ ሴኔት በትምህርት ጉዳይ እንጂ በደመወዝ አይወስንም። ነገር ግን መምህሩ ሲከፋው ወደ ጉባኤው የመሄድ ሐሳብ እንኳ የማይመጣለት መሆኑ ለጉባኤው ያለውን ግምት ይናገራል።

ፕሬዚዳንቶች በውድድር መመረጥ ከጀመሩ ወዲህ አንድ የተሻሻለ ነገር አለ። ዕጩዎቹ ዕቅዳቸውን ለዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ ያቀርባሉ፣ ይጠየቃሉ፣ ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ ከዚያ ጥቂቶቹ በቦርዱ በኩል ለሚኒስቴሩ ይቀርባሉ። የመጨረሻው ሹመት ከግቢው ውጭ መሆኑ ቢታወቅም፣ ለፕሬዚዳንትነት የሚያመለክት ሰው በሙሉ አዳራሽ መምህር ፊት ቆሞ «የምርምር በጀቱን ግዥ እንዴት ታፋጥናለህ?» ተብሎ መጠየቁ ቀላል ነገር አይደለም። አንዱ ዕጩ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ በኋላ ለብዙ ጊዜ በመምህራን ክበብ ሲጠቀስለትም ሲጠቀስበትም ሰምቻለሁ።

ወደፊት ብዙ የሚጠበቀው ከአዋጅ ቁጥር 1294/2015 ነው፤ ይህ የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ሌሎችም በየተራ እንዲከተሉ ታቅዷል። ራስ ገዝነት ለተቋሙ የሚሰጠው የበጀት፣ የቅጥርና የውስጥ አደረጃጀት ነጻነት ትልቅ ነው። ሆኖም ራስ ገዝ የሆነው ዩኒቨርሲቲው ነው፤ መምህሩ በውስጡ ምን ያህል ይወስናል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ሥልጣን ከሚኒስቴር ወደ ቦርድና ወደ ፕሬዚዳንት ወርዶ እዚያው ሊቀር ይችላል። የውጭውም ልምድ የሚያሳየው ይህንኑ ነው፤ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ2006 እ.ኤ.አ. አስተዳደሩ በምክር ቤቱ ውስጥ ከውጭ የሚመጡ አባላት እንዲበዙ ያቀረበውን ሐሳብ ኮንግሪጌሽን የሚባለው የመምህራን ጉባኤ በድምፅ ጥሎታል፤ በቴክሳስ ደግሞ በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ የመምህራን ሴኔቶችን አማካሪ ብቻ አድርጎ ሰብሳቢያቸውን ፕሬዚዳንቱ እንዲሰይም አዝዟል። ሁለቱም አገሮች የቆየ የዩኒቨርሲቲ ባህል አላቸው፤ አንዱ ጉባኤ ግን የመጣልን ሥልጣን በደንብ ይዞ ተገኘ፣ የሌላው በአንድ የሕግ አውጪ ጉባኤ ዘመን ተወሰደበት።

እንግዲህ ይህን አገልግሎት ለአዲስ መምህር እመክራለሁ ወይ ብባል፣ የትምህርት ክፍሉን ጉባኤ ያለ ምንም ማመንታት እመክራለሁ፤ ሳይቀር ይገኝ፣ የማዕረግና የሥርዓተ ትምህርት ሰነዶችን ያንብብ፣ ቃለ ጉባኤ መያዝንም እንደ ቅጣት አይቍጠረው፤ ቃለ ጉባኤ የያዘ ሰው የተወሰነው ነገር በምን ቃል እንደሚጻፍ ያውቃል። አካዳሚክ ኮሚሽኑን ዘርፉን ከጐረቤት ዘርፎች ጋር ለማየት ለሚፈልግ እመክራለሁ። የሴኔት ወኪልነትን የሚያስብ ግን ከመመረጡ በፊት የዩኒቨርሲቲውን የሴኔት ደንብ ይፈልግና ስለ አጀንዳ አያያዝና ሰነድ ከስብሰባው ስንት ቀን በፊት መድረስ እንዳለበት የሚናገረውን ክፍል ያንብብ። የቀን ገደብ ካለ በየስብሰባው መጀመሪያ ይጥቀሰው፤ ሰነዱ ዘግይቶ ከደረሰ ጉዳዩ እንዲተላለፍ ይጠይቅ፤ ጥያቄው ውድቅ ቢሆን እንኳ ልዩነቱ በስሙ እንዲመዘገብለት ያድርግ። ገደቡ ከሌለ ደግሞ የመጀመሪያ ሥራው ያንን አንቀጽ ማስገባት ነው። ለዚህም ድምፅ የሚፈልገው ከዲኖቹ ስለ ሆነ፣ አብዛኞቹ የሹመት ዘመናቸው ሲያልቅ ወደ ትምህርት ክፍላቸው ተመልሰው በዚያው የዲሲፕሊን ደንብ የሚተዳደሩ መምህራን እንደሚሆኑ በሻይ ሰዓት አንድ በአንድ ቢያስታውሳቸው መልካም ነው።